ሰዓቱ የማያውቀው ኪኒን

ወፍራም ሰው መካሪ አያጣም። መንገድ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አንዱ ይመጣና ሆዱን በዓይኑ ለክቶ "ይቺን ነገር ቀንሳት እንጂ" ይለዋል። እንዴት እንደምትቀነስ የሚነግረው ግን የለም። እኔ ሁለት ዓመት ምክር ጠግቤ ኖሬ፣ በመጨረሻ በገዛ እጄ ራሴን ልገድል ትንሽ ነው የቀረኝ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሰውነቱ ለከበደው፣ እንደ እኔ ኪኒን ለሚውጥና እንደ እኔ ከስልክ ላይ ያነበበውን ቁጥር አምኖ ዳገት ለሚወጣ ሰው ነው። ሌላውም ቢያነበው አልከለክልም፤ ቢስቅብኝ ግን አልወድም።

ወልዴ እባላለሁ። ቦንጋ ገበያው አጠገብ ማርና ኮረሪማ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን በራሴ ተማርኩ። መጽሐፍ አነባለሁ፣ ሒሳብ በወረቀት እሠራለሁ፣ ሚዛን ሲበላሽ ራሴ ፈትቼ ራሴ እገጥማለሁ። በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። ኩራቱ የበሽታው ግማሽ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

በወጣትነቴ ማር የምገዛው ማንኪራ ድረስ በእግሬ እየሄድኩ ነበር። ከዚያ ሞተር ብስክሌት ገዛሁ። ከሞተሩ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጁ ወደ ወንበር ወረድኩ። ገበሬው ማሩን ተሸክሞ ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔ ተቀምጬ እቀምሳለሁ። ማር ነጋዴ ሳይቀምስ አይገዛም፤ ሃያ ሰው ከመጣ ሃያ ጊዜ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ብርዙ አለ። ሆዴ ሲገፋ ሰዉ "ተመችቶሃል" አለኝ፤ እኔም ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

አንድ የገበያ ቀን ማር በምንመዝንበት ትልቁ ሚዛን ላይ ወጣሁ። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ። ጎረቤቴ ከድር፣ ጨርቅ ሻጩ፣ በሱቄ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር።

"ጋሽ ወልዴ፣ የተጣራ ነው ወይስ ከነሰፈፉ?" አለኝ።

ሰፈፍ ማር ሲጣራ ተለይቶ የሚወጣው ነው። በሩ ላይ የነበረው ገበሬ ሁሉ ሳቀ። ከድርን ሦስት ወር ሰላምታ ነሳሁት።

መጀመሪያ የመጣው የትንፋሽ ማጠር ነው። ከገበያው ወደ ቤቴ የሚወስደውን ዳገት አንድ ጊዜ ቆም ብዬ እወጣው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ሆነ፣ ኋላም አምስት። አላፊ አግዳሚው እንዳይስቅብኝ ስልክ የማወራ መስዬ እቆም ነበር። ቀጥሎ እግሬ አበጠ፤ ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ የያዘበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል። ከዚያ ልቤ፣ ቁጭ ባልኩበት፣ ሰው እንደሚያባርረው ይሮጥ ጀመር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን ወስዶ "ታይፎይድ ነው" አለኝ። መርፌ ተወጋሁ። በእኛ አገር ታይፎይድ ማለት ያልታወቀ ሕመም ሁሉ የሚከመርበት መጋዘን ነው። ሁለተኛው ክሊኒክ "ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ይተዉ" አለኝ። በርበሬውን ተውኩና ቆጮውን በማር መብላት ጀመርኩ። ሦስተኛው "ብርድ ነው" ብሎ ጀርባዬን በቅባት የሚያሽ ሰው ነበር። ከሦስቱ አንዱም የደም ግፊቴን አልለካም። የከሰርኩትን ገንዘብ አልቆጥርም፤ የሚያንገበግበኝ የጠፋው ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ባለቤቴ ብርቄ "ወይ አንተ ሆስፒታል ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ ወንድሜ ቤት እሄዳለሁ" አለችኝ። ሄድኩ። ሐኪሙ በር ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ለአራት ሰው የተሠራ ነው፤ ስድስት ሰው ተጣብቆበታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ተራ ጠሪዋ የምትለው አይሰማም። ግድግዳ ተደግፌ ሳለከልክ አንዲት ከሲታ አሮጊት ከወንበሩ ብድግ አሉና "ና ልጄ፣ የእኔን ቦታ ያዝ፤ እኔ ቆሜም አልከብድም" አሉኝ። ወንበሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቁም፤ ከልባቸው ነበር። እኔ ግን ፊቴን አዙሬ እስከ ተራዬ ቆምኩ። ያን ሁሉ ሰዓት ያቆመኝ የቦታ እጥረት አልነበረም። ትዕቢት ነበር። ዛሬ ባገኛቸው ጉልበታቸውን እስማለሁ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ግፊቴን ለካ፣ ልቤን በማሽን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። ግፊቴ በጣም ከፍ ያለ፣ የልቤም ምት ያለ ልክ የፈጠነ ነበር። የግፊት ኪኒን ሰጠኝ፤ ይህ ኪኒን ግፊትን ዝቅ ከማድረጉም በላይ የልብን ምት ያቀዘቅዛል። "በየቀኑ ጠዋት አንድ። በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ አደጋ አለው" አለኝ። ይህን ብሎኛል፤ ሰምቻለሁ። ጥፋቴን በእሱ አላላክክም። ከዚያ ግን "ክብደት ይቀንሱ፣ ስፖርት ይሥሩ" አለ። "ምን ያህል?" ስለው "ይራመዱ" አለና የሚቀጥለውን ሰው ካርድ አነሳ። አንድን መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሰው ከነተራራው ቦንጋ ላይ "ይራመዱ" ብሎ መሸኘት ሕክምና ከሆነ፣ እኔም ከነገ ጀምሮ ሐኪም ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ ካልተናገርኩ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ምሕረት የመጀመሪያ ልጄ ናት። ቁጥር የለየችው በእኔ ሚዛን ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሒሳብ ትማራለች ብዬ ስጠብቅ ስፖርት ሳይንስ መረጠች። "አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩሽ ዝላይ ልትማሪ ነው?" አልኳት፣ እንግዳ ፊት። ስትመረቅ አልሄድኩም። ሺሺንዳ ተመድባ የሰውነት ማጎልመሻ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስልክ የምትደውለው ለእናቷ ነው። እኔ ከጎን ተቀምጬ እየሰማሁ ያልሰማሁ እሆናለሁ።

መታመሜን ከእናቷ ስትሰማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ላከችልኝ፤ እጅ ላይ ሲታሰር ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚያሳይ። የዚያኑ ቀን ደወለች። ብርቄ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ "ምን ኪኒን እንደምትወስድ ስሙን ንገረኝ ትልሃለች" አለችኝ።

"ዝላይ አስተማሪ ስለ ኪኒን ምን አገባት? አያገባሽም በያት።"

"ይኸው ይሰማል፣ ራስህ በላት።"

አላልኳትም። ሰዓቱን ግን አሠርኩት። አንባቢ ሆይ፣ የሰውን ምክር ንቀህ ዕቃውን አትውሰድ፤ ከዕቃው ጋር የሚመጣው እውቀት ነው ዋናው።

እንግዲህ እኔ ራሴን አስተማሪ አይደለሁ? ስልኬን ከፍቼ አነበብኩ። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ዕድሜህን ቀንስ ይላል። ሃምሳ አራት ሲቀነስ መቶ ስልሳ ስድስት። ይህ የልብ የመጨረሻ አቅም ነው አሉ። ከዚያ የዚህ ቁጥር ስልሳ በመቶ እስከ ሰባ አምስት በመቶ ድረስ ልብህን አድርሰህ ተራመድ ይላል። በወረቀት አሰላሁት፤ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ አምስት። ከሁለቱ ቁጥር ትልቁን ያዝኩ። ትንሹን የሚመርጥ ሰነፍ ነው አልኩ። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፣ ጽሑፉ አይደለም።

በማግስቱ ማለዳ ዳገቱን ጀመርኩ። ላብ እንዲበዛ በሹራቤ ላይ የዝናብ ልብስ ደረብኩ። ወጣሁ፣ አለከለክሁ፣ ዓይኔ ጨለመ። ሰዓቱን አየሁ፤ ዘጠና ስምንት። በሚቀጥለው ቀን እስኪያቅለሸልሸኝ ሮጥኩ፤ መቶ አራት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞከርኩ። ሰውነቴ "በቃኝ" ይላል፣ ሰዓቱ "ገና ነህ" ይላል። ማንን አመንኩ? ሰዓቱን። ሰውነቴን እንደ ሰነፍ ተማሪ እሰድበው ነበር።

ከዚያ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስሌቶች ሁሉ ትክክለኛውንና ክፉውን ስሌት ሠራሁ። ኪኒኑ የልብን ምት ያቀዘቅዛል ተብያለሁ። እኔ ደግሞ ምቱ እንዲፈጥን ነው የምደክመው። እንግዲያው ጠላቴ ኪኒኑ ነው። ለስፖርቱ ስል ኪኒኑን ላቆየው፤ ክብደቴ ሲቀንስ ኪኒኑም አያስፈልገኝም። ለብርቄ አልነገርኳትም። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ፊቷ እጠጣለሁ፣ ኪኒኑ ግን ማሸጊያው ውስጥ ይቀራል። ልጆቼን ስለ ውሸት የገረፍኩ ሰው ነኝ።

በሁለተኛው ቀን መቶ አሥራ ሁለት ደረሰ። በሦስተኛው መቶ ሃያ። ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ዳገቱን ሳላጋምስ ሰዓቱ መቶ ሃያ አምስት አለ። ብቻዬን "ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ሳልፈጥን መቶ አርባ ሆነ። ቆምኩ። ቆሜም መቶ ሃምሳ ስምንት። ደረቴ ላይ አንድ ኩንታል ኮረሪማ የጫኑብኝ መሰለኝ፤ ግራ ክንዴ ደነዘዘ፣ መንጋጋዬ ታመመ። በዝናብ ልብሴ እንደታሸግኩ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። መነሣት አልቻልኩም። የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ንዴትም ነበር። ቁጥሩን አግኝቼ ልሞት ነው?

ያገኘኝ ጋሽ አደሎ ነው። የማንኪራ ሰው ነው፤ ማሩን በፈረስ ጭኖ ወደ ገበያ ሲወርድ። ሁልጊዜ ማሩን "ውሃ አለው" እያልኩ የማብሸቀው ሽማግሌ።

"ወልዴ፣ ምነው? ዛሬ ደግሞ መንገድ ላይ ነው የምትገዛው?" አለ። ፊቴን ሲያይ ቀልዱን ተወ። ባጃጅ አስቆመ፣ ከሾፌሩ ጋር ደግፎ አስገባኝ፣ አብሮኝ ገባ። ፈረሱንም ማሩንም መንገድ ላይ ትቶ።

"ማርህ..." አልኩት።

"ማሩ ውሃ አለው ብለሃል፤ ይፍሰስ" አለኝ።

ሆስፒታል ያው ሐኪም ነበር። ኦክስጅን አደረጉልኝ፣ ክንዴ ላይ መርፌ ሰኩ። "አባት፣ ኪኒንዎን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ወሰዱ?" አለኝ።

"ዛሬ ጠዋት" አልኩ። ሞት አጠገቤ ቆሞ እንኳ ዋሸሁ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። ኪኒኑን የሚወስድ ሰው ልብ እንዲህ አይሮጥም። ሌላ ምክንያት ፍለጋ ደም ቀዱ፣ ማሽን አመጡ። ከሰዓት በኋላ ምሕረት ከሺሺንዳ ደረሰች። እኔን አልሳመችኝም። ሰዓቱን ከእጄ ፈታችና ያለፉትን ቀናት መዝገብ ማየት ጀመረች። ከዚያ ለእናቷ "ኪኒኑን ስጪኝ" አለቻት። ብርቄ ከቦርሳዋ አወጣች። ምሕረት መድኃኒት ቤቱ በፖስታው ላይ የጻፈውን ቀን አየች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።

"ስድስት ነው መቅረት ያለበት። አሥር ነው።"



"አባባ፣ አራት ቀን ኪኒን አልዋጥክም።"

"አንቺ ዝላይ አስተማሪ! አባትሽን ሰው ፊት ሌባ ታደርጊዋለሽ?"

"አዎ፣ ዝላይ አስተማሪ ነኝ። ኪኒኑን ለምን ተውክ?"

መቼም ተይዣለሁ። "ቁጥሩ አልደርስ አለኝ" አልኩ።

"የቱ ቁጥር?"

ነገርኳት። ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ስለመቀነሱ፣ ስለ መቶ ሃያ አምስቱ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ተቆጣች። እኔን ነው የመሰለችው።

"ያ ቁጥር ግምት ነው፤ ለጤነኛውም ቢሆን ይስታል። አንተ ዓይነት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ልብህን ልጓም አግብተውለታል። በቅሎው አልጋልብ አለ ብለህ ልጓሙን በጠስክ! ሰዓቱ ኪኒን እንደምትወስድ በምን ያውቃል? እኔስ በምን አውቃለሁ? ስሙን ንገረኝ ስልህ አያገባሽም አልክ!"

ሐኪሙም ጨመረበት። ይህ ኪኒን በድንገት ሲቆም ታፍኖ የነበረው ልብ ከበፊቱ ብሶ ይነሣል፤ የልብ ጡንቻዬ ደም አጥሮት ነበር። "ሌላ ቀን ቢጨምሩ ኖሮ እዚህ አይደርሱም ነበር" አለኝ። ብርቄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከሁሉም የከበደኝ የእሷ ጀርባ ነው፤ አራት ጠዋት ያታለልኩት እሷን ነውና።

ስድስት ቀን ተኛሁ። ስወጣ ምሕረት ሐኪሙን በር ላይ ያዘችው። "'ይራመዱ' ብለው እንዳይሸኙት፤ ይህ ሰው 'ይራመዱ' ሲሉት ተራራ ይወጣል" አለችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኪኒኔን ውጬ ቀረብኩ። በኮሪደሩ እያስኬዱኝ ሐኪሙ የደም ሥሬን ትርታ ቆጠረ፣ ግፊቴን ለካ፣ ማሽኑን አየ። ለእኔ፣ ከነኪኒኔ፣ የወጣልኝ ልክ ከሰማንያ እስከ ዘጠና አምስት ሆነ። ይህ የእኔ ቁጥር ነው፤ ወስደህ በራስህ ላይ እንዳትሠራበት። የአንተን የአንተ ሐኪም ይለካልህ። ስትሄድ የምትውጠውን ኪኒን ሁሉ ይዘህ ሂድ፣ ሳታፍር ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው።

ምሕረት ሁለት ነገር አስተማረችኝ። አንደኛው ያለ ሰዓት መቁጠር ነው፤ ሁለት ጣት አንጓ ላይ አሳርፎ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ፣ በአራት ማባዛት። ሁለተኛውን ስትነግረኝ ተናድጄ ነበር።

"በልክ ስትራመድ ትንፋሽህ ወሬ አይከለክልህም፣ ዘፈን ግን ይከለክልሃል" አለችኝ።

"እኔ ወሬም ዘፈንም አልወድም።"

"እንግዲያው ተሳደብ። አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሰድበህ መጨረስ ከቻልክ ልኩ ነው። ስድብህ መሃል ላይ ከተቆረጠ ፍጥነትህን ቀንስ። ደረትህን ከጨነቀህ ወይም ካዞረህ ደግሞ ቁም፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ።"

በሜዳው መንገድ፣ በቀን አሥር ደቂቃ፣ እንደ ሽማግሌ እየተጎተትኩ ጀመርኩ። ውርደት ነው። ሕፃናት አለፉኝ፣ ነፍሰ ጡር ጎረቤቴ አለፈችኝ። ከድር በሱቁ በር ላይ ቆሞ "ጋሽ ወልዴ፣ ቀብር ነው የሚሄዱት? የማን ነው?" አለኝ። "ያንተን ጨርቅ ገዝቶ በሁለተኛው ቀን የተቀደደበት ሰው በብርድ ሞቶ ልቀብረው ነው" አልኩት። በአንድ ትንፋሽ። ትርታዬን ቆጠርኩ፤ ሰማንያ ስምንት። ከድር ዛሬም የእኔ ስፖርት እሱ መሆኑን አያውቅም።

አሥሩ ደቂቃ ሃያ፣ ሃያው አርባ ሆነ። ማር መቅመሱን በእንጨት ጫፍ አደረግኩት፤ ብርዙን ተውኩ፣ ይህን የምናገረው እየጎመጀሁ ነው። በስምንት ወር አሥራ አንድ ኪሎ ወረደ። ብዙ አይደለም፤ ከድርም "ሰፈፉ ገና ነው" ብሏል። ጫማዬን ግን ራሴ አስራለሁ። ኪኒኑንም በየቀኑ ጠዋት ብርቄ እያየች እውጣለሁ፤ ምላሴን አንሥቼ አሳያታለሁ፤ የዘራሁት ነው።

ጋሽ አደሎ ያን ቀን ከሆስፒታል ሲሄድ "ሲሻልህ ቤቴ ትመጣለህ፤ ከመኪና መንገዱ ወዲያ ያለውን በእግርህ። ሰው አዝሎህ ከመጣህ ውሻ እፈታብሃለሁ" ብሎኝ ነበር። ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ምሕረት መጣችና ይዣት ወጣሁ። እሷ ይዣው ወጣሁ ትላለች። ባጃጁ የጣለን ቦታ ድረስ ጥርጊያ መንገድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጫካ፣ ጭቃና ዳገት። ያ ዳገት የሚያስፈራኝ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም።

በእግር መንገዱ ላይ ጭቃውን ሰደብኩ። የምሕረትን ጫማ ሰደብኩ። ሺሺንዳ ውስጥ ባል የሚሆን ሰው እንዴት ይጠፋል ብዬ ሺሺንዳን ሰደብኩ። እሷ ከኋላዬ "ጎበዝ፣ ቀጥል" ትላለች። ዳገቱ አናት አጠገብ ስንደርስ ዝም አልኩ።

ጥቂት እርምጃ ሄድን።

"አባባ?"

አልመለስኩላትም። ሮጣ ደርሳ እጄን ያዘች፣ ሁለት ጣቷን አንጓዬ ላይ አሳረፈች፣ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ መቁጠር ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በአምስት ዓመቷ የሚዛኑን ቁጥር ስታነብ እንዲሁ ነበር ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው።

"ሃያ ሦስት። በአራት... ዘጠና ሁለት። ደህና ነህ" አለች። ከዚያ ጮኸችብኝ፤ "ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አስደነገጥከኝ እኮ!"

"የምሰድበው አጣሁ" አልኳት።

እጄን አልለቀቀችም። እኔም አላስለቀቅኩም። ስለ ምረቃዋ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ አልወጣም፤ ይህንንም እውነቱን ለመናገር ነው የምጽፈው። በዚህ መሃል ከወደ ታች፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ የአደሎ ውሻ መጮህ ጀመረ።

"ይሄ ሽማግሌ ልብ የለውም እንዴ፣ በሁለት እግሬ ጭቃውን አቡክቼ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ልጄን ይዤ ስመጣም ውሻ ሊፈታብኝ ነው!" አልኩ፤ በአንድ ትንፋሽ።